ቋያ የሞተበት እሑድ

በላስታ ምድር እሑድ ከሰዓት አራት ሰው ሰብስቦ ለሦስት ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ፣ አለት ፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ከማነጽ ይከብዳል። ፈንታው ይህን የሚለው ለቀልድ አይደለም፤ አምስት ዓመት ሞክሮት ነው። አንዱ ሰንበቴ አለብኝ ይላል። ሌላዋ ማኅበር ደርሶኛል ትላለች። ሦስተኛው የአጎቱ ሚስት እናት አርፈው ፍላቂት ድረስ ለቅሶ ሊደርስ ይሄዳል፤ ሲመለስም እግረ መንገዱን ሌላ ለቅሶ ያገኛል። ይህ ሁሉ የለም የተባለ ዕለት ደግሞ መብራት ይጠፋል። ስንቱን እሑድ ብቻውን ተቀምጦ በር በሩን ሲያይ እንዳመሸ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ፈንታው የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ድሮ አስጎብኚ ነበር። አሁን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ መስቀልና የብራና ሥዕል የሚሸጥበት ሱቅ አለው። የሚሸጥበት ማለት ደግነት ነው፤ አቧራ የሚጠርግበት ቢባል ይቀላል። የእሑዱን ጨዋታ ያስተማረው በኮሮናው ዓመት አውሮፕላን ቀርቶበት ሦስት ወር ሙሉ ከተማው ውስጥ ተገትሮ የቀረ አንድ የሆላንድ ሰው ነው። ሰውዬው መንገድ ሲከፈትለት አንድ ወፍራም መጽሐፍና አንድ ከረጢት ዳይስ ትቶለት ሄደ።

ጨዋታው ለማያውቀው ሰው ግራ ነው። የሚገፋ ጠጠር የለው፣ የሚበላ ካርታ የለው። አንዱ ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው ስሙን፣ ጉልበቱንና ብልሃቱን በወረቀት ላይ ይጽፉና ያንን ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ተራኪው ወንዙ ሞልቷል፣ ምን ታደርጋላችሁ ሲላቸው፣ እንሻገራለን ወይም እንመለሳለን ይላሉ። የሚሆነው ነገር ሲያጠራጥር በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። እነሱ ጠጠር ብለው ሰይመውታል። ብዙ ከወጣ ቀናህ፣ ትንሽ ከወጣ ወዮልህ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ፈንታው ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን እየገፋ እሑድን የሚጠብቀው። ቱሪስቱ ሲጠፋ አልጠፋችበትም፤ ጦርነቱ መጥቶ ሲሄድም ተመልሳ አገኛት። ሚስቱ ባንችይርጋ ጢም አውጥተህ እንካ ስላንትያ ትጫወታለህ ትለዋለች። እሱም አይገባትም ብሎ ይተዋታል።

ተጫዋቾቹማ ተጫዋቾች ቢሆኑ ጥሩ ነበር። ሰብሌ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ለአንድ ክኒን ሦስት ጊዜ ወረቀት የምታይ ጠንቃቃ ሴት ናት፤ ጨዋታው ውስጥ ግን ያገኘችውን ሁሉ የምትሰርቅ ሌባ ሆና ቁጭ አለች። ዲያቆን ጋሻዬ ደግሞ ሽምግልና ካልላክን ብሎ የሚያደርቅ ነው። ሽፍታ ሲገጥማቸው ሽማግሌ እንላክ ይላል። የጅብ መንጋ ሲከባቸው ሽማግሌ እንላክ ይላል። ፈንታው በስንት መከራ ያዘጋጀው ጦርነት ሁሉ በጋሻዬ የተነሣ በምርቃትና በእርቅ ያልቃል።

ሦስተኛው ወንዴ ነው፤ የባጃጅ ሹፌር፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። የወንዴ ሰው ቋያ ይባላል። ግራኝ ተዋጊ ነው፣ በሄደበት ሁሉ ያፏጫል። ሦስት ዓመት ሙሉ ወንዴ ሌላ ሰው እንዲሞክር ቢለመን እምቢ ብሎ ከቋያ ጋር ቀርቷል። የሚቀመጥበትም ቦታ አንድ ነው። ከፈንታው ወንበር ጀርባ የብር መስቀሎቹ የተደረደሩበት የመስታወት ሣጥን አለ፤ ወንዴ ከሣጥኑ ትይዩ ጥጉ ላይ ያለችውን በርጩማ ካላገኘ አይጫወትም። ጋሻዬ ቀድሞ ከተቀመጠባት ያስነሣዋል። ለምን ሲባል ከዚህ ሆኜ ባጃጄ ትታየኛለች ይላል።

አንድ ሕግ ደግሞ አለቻቸው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ክፉኛ የቆሰለ እንደሆነ የሞት ጠጠር ይጣላል። አሥርና ከዚያ በላይ ከወጣ ይተርፋል፣ ከአሥር በታች ከሆነ አበቃለት። ይህን ጠጠር የሚጥለው ተራኪው ብቻ ነው፤ ያውም ማንም እንዳያይ ከካርቶን ጀርባ በቀኙ ባስቀመጣት የቆርቆሮ ሰሃን ላይ። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልሞተም። ይህ የጠጠሩ ደግነት አልነበረም። ፈንታው አንጀቱ አልችል እያለው አራት ሲወጣ አሥራ ሁለት፣ ሰባት ሲወጣ አሥራ አምስት ይላቸው ነበር። ለቋያ ብቻ ሦስት ጊዜ ዋሽቷል። ኃጢአት ነው ብሎም አላሰበውም።

ያቺ እሑድ የዘንዶው እሑድ ነበረች። ፈንታው ምንጭ ዘግቶ ዋሻ ውስጥ ስለሚተኛ ዘንዶ ሦስት ሳምንት ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣ በድሮ የቱሪዝም ፖስተር ጀርባ ላይ ካርታ ሲስል ከርሟል። ዘጠኝ ሰዓት ተቀጣጠሩ። ሰብሌ ዘጠኝ ተኩል መጣች። ጋሻዬ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ከሰንበቴ ጠግቦ ደረሰና ገና ሳይቀመጥ ዘንዶው ዘመድ እንዳለው ጠየቀ፤ ዘመድ ካለው በዘመዱ በኩል ሽማግሌ መላክ ይቻላል ነው ነገሩ። ፈንታው ጥርሱን ነክሶ ዘንዶ ዘመድ የለውም አለ። ጋሻዬ ዘመድ የሌለው ፍጥረት የለም ብሎ ከኦሪት ጀምሮ ይተነትን ገባ።

ወንዴ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መጣ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፣ እፍኙ ሙሉ ቆሎ ይዟል። ይቅርታ የለ፣ እንደምን ዋላችሁ የለ። ጋሻዬን ከጥጉ አስነሥቶ ተቀመጠ፣ የሻይ ብርጭቆውን ካርታው ላይ አሳረፈው፣ ስልኩን ዘግቶም የት ደረስን አለ። ዘንዶው ተኝቷል፣ ቀስ ብላችሁ ነው የምታልፉት አለው ፈንታው። ወንዴም ቆሎውን እያላመጠ፣ ቋያ እንደ ልማዱ እያፏጨ ይገባል አለ።

ፈንታው ደሙ ፈላ። ሦስት ሳምንት የለፋበት ነገር ለፉጨት! ዘንዶው ነቃ፣ በጅራቱ ሲመታው ቋያ ከዋሻው ግድግዳ ጋር ተላተመ። የሞት ጠጠር ያስፈልጋል ተባለ። ፈንታው ካርቶኑ ጀርባ ጣለው። አሥራ ሰባት ወጣ። ቁልጭ ያለ አሥራ ሰባት። እሱ ግን ከብርጭቆው የፈሰሰው ሻይ ካርታው ላይ ሲንጣለል እያየ፣

«ሦስት። ሞተ» አለ።

ሰብሌ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሻዬ ነፍስ ይማር ሊል ብሎ ዋጠው። ወንዴ አልጮኸም፣ አልተከራከረም። ፈንታውን ትንሽ አየት አድርጎ የቋያን ወረቀት አራት ላይ አጠፈው፣ በደረት ኪሱ ከተተውና ወጣ። የባጃጇ ድምፅ ቁልቁል ሲሄድ ተሰማ። ፈንታው የዚያን ዕለት ማታ ራት ሲበላ እንዲህ ነው እንጂ፣ ይማርበት ይል ነበር። ደግሞም ወዲያው ይከፋው ነበር።

በሳምንቱ መካከል ጋሻዬን መንገድ ላይ ሲያገኘው፣ ዲያቆኑ ቋያ እኮ አርባው ሳይወጣ ባንጫወት ነው የሚሻለው፣ ሬሳ ላይ ጨዋታ ነውር ነው አለው፤ እየሳቀ ይሁን ከምሩ አይታወቅም። ፈንታው ወረቀት ነው እኮ፣ ወረቀት አርባ የለውም ብሎት ሄደ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሱቁን ከፍቶ ተቀመጠ። ማንም የለም። አሥር ሆነ። ማንም የለም። ባንችይርጋ እንኳ ከቅዳሴ ወደ ቤት አልተመለሰችም። ሰብሌ ጋ ቢደውል ወንዴ ቤት ለቅሶ ላይ ነን ብላ ዘጋችበት።

ይህን ጊዜ ነው የበገነው። ለወረቀት ለቅሶ! ሱቁን ቆልፎ ዳገቱን እየተንደረደረ ወጣ፤ የወንዴ ቤት ከላይኛው ሰፈር ነው። ድንኳን ተተክሎ አየና የባሰውን ተናደደ። ቀልድ ልክ አለው፣ የዕድር ድንኳን ያስተከሉበት ድፍረት ምን ይባላል? መጋረጃውን ገልጦ ገባና ወንዴን ከሰው መሐል ሲያየው፣ ይብቃ፣ ቀልዱ ይብቃና ተነሡ አለ፤ ያውም ጮክ ብሎ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው ወደ ታች ጎተቱት።

«ልጅ ፈንታው፣ ለቅሶ ቤት ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። የወንዴ እናት እትዬ ሸጌ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከሴቶቹ መሐል ቆመዋል። ድምፃቸው አልቆ ነበር፤ ቢሆንም ሙሾ ያወጡ ነበር።

በቅሎዋም ተመልሳ ደጄ ላይ ቆመች፣
ፉጨቱን ስታጣ ጭድ እንኳ አልበላች።

ያን ጊዜ ገባው። ወንዴ ምሥጋናው የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። እንግዶችን በበቅሎ ጭኖ አሸተን ማርያም ገዳም የሚያወጣ፣ ግራኝ፣ ፉጨቱ ከሩቅ የሚታወቅ ልጅ። ፈንታው ራሱ ስንት ጊዜ አሠርቶታል። በጦርነቱ ዓመት በቅሎ እየነዳ እንደወጣ ቀረ፤ በቅሎዋ ብቻ ተመለሰች። ሬሳ አልተገኘም፣ መርዶ አልተነገረም። በየጊዜው መተማ ታይቷል፣ እርሻ ላይ ይሠራል ይባል ነበር፤ እናቱም ወሬውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። የቋያ ወረቀት የተጻፈው ልጁ በጠፋ በስድስተኛው ወር ነው። ግራኝ ተብሎ ተጽፏል፣ ያፏጫል ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ፊቱ ላይ ሲያፏጭ ፈንታው አላወቀውም። ምን ዓይነት ድንጋይ ቢሆን ነው?

ሰብሌ ወጣ ብለው ቀስ ብላ ነገረችው። ባለፈው እሑድ ማታ ወንዴ ለንስሐ አባታቸው ይበቃል፣ ወንድሜ አይመጣም፣ እናቴ ትረዳ ብሎ ነገራቸው። ሳምንቱን ሽማግሌ ሲያሰባስቡ ከርመው ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አረዷቸው። ወንዴ የጠጠሩን ፍርድ ይዞ ሄዶ እናቱን አረዳ። ጠጠሩ ደግሞ አልፈረደም። አሥራ ሰባት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አይጠየቅ። ለመናገር ወደ ላይኛው ሰፈር ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ። ምን ብሎ ይናገራል? ወንድምህን የገደለው ዳይስ አይደለም፣ ቆሎ ስላላመጥክ ተናድጄ እኔ ነኝ ይበለው? ዝም ቢልስ? ዝም ብሎ እትዬ ሸጌን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጥቁር ለብሰው ሲያይ፣ እያንዳንዷን እሑድ እንዲህ ሊኖር ነው። በመጨረሻ ለባንችይርጋ አወጣው። ሹሮ ታማስል ነበር፤ ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ሰው ገድለህ ብትመጣ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር» አለችው። «ሽማግሌ እልካለሁ፣ ደም ትታረቃለህ። ለዚህኛው ምን ይባላል?»

ከዚያ ማማሰያውን አነሣች። የዚህኛውም መላ ያው ነው፣ ሌላ የምናውቀው የለም፣ ሽማግሌ ላክ አለችው።

ሽማግሌ ማን ይሁን? ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው። ፈንታው መድኃኒት ቤቱ ሄዶ ለሰብሌ ሲነግራት የያዘችውን ብልቃጥ አስቀምጣ አሥራ ሰባት? አለች። አሥራ ሰባት አላት። አንድ በሽተኛ አስተናግዳ ፊቷን እንዳጠቆረች እሺ አለች። ጋሻዬማ ምንም አልተቆጣም። ለዘንዶና ለጅብ ሽማግሌ እንላክ ሲል አምስት ዓመት የተሳቀበት ሰው፣ እውነተኛ ሽምግልና እጁ ስትገባ ነጠላውን አጣፍቶ ሕጉን ይዘረዝር ጀመር። አርባው ይውጣ። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ እንሄዳለን። አጥፊው አንገቱ ላይ ድንጋይ ይሸከማል። ደንብ ነው። ድንጋዩንም እኔ እመርጣለሁ አለ።

የመረጠው ድንጋይ የወፍጮ መጅ ያክላል። ፈንታው ትንሽ አነስ ያለ እንደሌለ ቢጠይቅ፣ እንደ ጥፋቱ ነው ተባለ። እትዬ ሸጌ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ወንዴ ግቢ ገቡ። ወንዴ ባጃጁን ያጥብ ነበር። ሰብሌ፣ ጋሻዬ፣ ከኋላም አቀርቅሮ ድንጋይ የተሸከመ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ሲያይ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለና ቆመ።

ጋሻዬ ንግግር ጀመረ። ከቃየልና ከአቤል ነው የተነሣው። ኖኅ ላይ ሲደርስ የፈንታው አንገት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሰብሌ የጋሻዬን ነጠላ ብትጎትት አይሰማም። አብርሃም ላይ ሲደርስ ፈንታው አላስችል አለው። እንዳቀረቀረ፣ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ጠጠሩ ሦስት አልነበረም፣ ወንዴ። አሥራ ሰባት ነበር። ቋያ ተርፎ ነበር። ስላናደድከኝ ዋሸሁህ። ማን መሆኑን አላወቅሁም፤ ባውቅ እጄ ይቆረጥ ነበር። አንተ ግን በእኔ ውሸት ተነሥተህ እናትህን አረዳህ።»

ወንዴ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ከባልዲው አወጣና ጨመቀው።

«አውቄአለሁ፣ አያ ፈንታው» አለ።

ፈንታው ከድንጋዩ ሥር ቀና ለማለት ሞከረ።

«ከጥጉ በርጩማ ላይ የቆርቆሮዋ ሰሃን ከጀርባህ ባለው የሣጥን መስታወት ትታያለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አይቼአለሁ። አሥራ ሰባቱንም አየሁት። አራቱንም አይቻለሁ፣ ሰባቱንም፣ ሁለቱንም። ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ዋሽተህ አኖርከው። እኔም ጠጠሩን አይቼ የአንተን አፍ አምኜ እሄድ ነበር።» ወንዴ በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠረገ። «መተማ ታይቷል የሚለውን ወሬ ለእናቴ ማን የሚያመጣ ይመስልሃል? እኔ ነኝ። ማንም አላየውም። በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ፈጥሬ አየሁት አለኝ እላታለሁ። ያን ቀን አንተ በአንድ ቃል ስትገድለው፣ በአንድ ቃል ሲኖር የነበረ መሆኑ ገባኝ። ቋያ በአንተ ቃል፣ ወንድሜ በእኔ። ያቺን ሴት ሦስት ዓመት በር ላይ አስቀመጥኳት።»

ሰብሌ አለቀሰች። ጋሻዬ አብርሃም ላይ የደረሰ ንግግሩን ትቶ ነጠላውን ወደ ትከሻው መለሰ። ወንዴ ቀርቦ ድንጋዩን ከፈንታው አንገት ላይ በሁለት እጁ አነሣና ክብደቱን ሲያውቅ፣ ይህን ደግሞ ማን ነው የመረጠው አለ። ሰብሌ በአገጯ ጋሻዬን ጠቆመችው። ወንዴም ድንጋዩን ከባጃጁ ጎማ ሥር አደረገው፤ ግቢው ተዳፋት ነው፣ ያስፈልገኝ ነበር አለ።

«የሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ» አለው ፈንታውን። «ካርቶኑን ግን አንሣው። ጠጠሩ በገሃድ ይጣል። የሞተ ይሙት፣ የተረፈም ይትረፍ።»

እሑድ ወንዴ የመጣው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው። ፈንታው ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። የቆርቆሮዋ ሰሃን ያለ ካርቶን ጠረጴዛው መሐል ተቀምጣለች። ወንዴ ስልኩን አጠፋ፤ ምንም ያልተጻፈበት አዲስ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። የጥጓን በርጩማ ለጋሻዬ ተወለትና ከፈንታው ጎን፣ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ተቀመጠ።